ካፓሲተር ባንክ ሲገባ የሚነሳው ትራንዚየንት፦ የጅማ ልምምዳችን እስካሁን

ጅማ ላይ በኤቲፒ (የኤሌክትሪክ ኔትወርክን በኮምፒውተር አስመስሎ በሚያሰላ ሶፍትዌር) የምንለማመድ ሰዎች በዚህ ዙር የያዝነው 15 ኪሎ ቮልት ባስ (መስመሮች የሚገናኙበት የጋራ ማሰሪያ) ላይ ካፓሲተር ባንክ (በአንድነት የታሰሩ ካፓሲተሮች) ሲገባ የሚነሳውን ትራንዚየንት፣ ማለትም ለአፍታ የሚቆይ የቮልቴጅና የከረንት መናወጥ ነው። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተመረጡ እንጂ ከሰብስቴሽን የተለኩ አይደሉም፦ የባሱ ሾርት ሰርኪዩት አቅም 100 ሜጋ ቮልት አምፔር፣ ባንኩ 1.2 ሜጋቫር፣ ኒውትራሉ መሬት የታሰረ።

ሶፍትዌሩ ከመከፈቱ በፊት ወረቀት ላይ ይሰላ። 100ን ለ1.2 አካፍሎ ስኩዌር ሩቱን በ50 ማባዛት ነው፤ የትራንዚየንቱ ፍሪኩዌንሲ 456 ኸርዝ ይመጣል። የኢንራሽ ከረንቱ (ባንኩ ሲገባ በድንገት የሚፈሰው) ጫፍ 600 አምፔር ይጠጋል፤ የባንኩ መደበኛ ከረንት ግን 46 አምፔር ነው። ግራፉ ከዚህ በጣም ከራቀ መጀመሪያ ኤክስኦፕትን (ኤቲፒ ውስጥ የኢንዳክታንስን መለኪያ የሚወስነውን ቁጥር) እዩ፦ ዜሮ ከሆነ ኢንዳክታንሱን በሚሊ ሄንሪ፣ 50 ከሆነ በኦም ያነባል።

ቮልቴጁ ዜሮ ሲያልፍ የገባ ባንክ ብዙም አይረብሽም፤ 5 ሚሊ ሰከንድ ቆይቶ ጫፉ ላይ ከገባ ግን ቮልቴጁ ከመደበኛው ጫፍ እስከ 2 እጥፍ ይወጣል። ቀሪ ቻርጅ ካለበት እስከ 3 እጥፍም ይደርሳል። ስለዚህ የብሬከሩን መግቢያ ከ0 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ እየቀያየሩ ማስኬድ ነው።

ዋናው ወጥመድ ታይም ስቴፕ (ሶፍትዌሩ ከአንድ ስሌት ወደ ቀጣዩ የሚዘልለው ጊዜ) ነው። ለብቻው ለሚገባ ባንክ 10 ማይክሮ ሰከንድ ይበቃል። ጎኑ እኩል ባንክ ቀድሞ ገብቶ በመካከላቸው 20 ማይክሮ ሄንሪ ብቻ ካለ ግን ፍሪኩዌንሲው 12 ኪሎ ኸርዝ፣ ከረንቱ 8 ኪሎ አምፔር ገደማ ይሆናል። አንዱ ዑደት 82 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ የ10 ማይክሮ ሰከንዱ ስቴፕ ስምንት ነጥብ ብቻ ይዞ ጫፉን ይስታል፤ ወደ 1 ማይክሮ ሰከንድ አውርዱት። ለመስመርም ያው ነው፦ ሞገድ በ10 ማይክሮ ሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ከዚያ ያጠረ የአየር ፊደር (ማከፋፈያ መስመር) በተጓዥ ሞገድ ሞዴል አይሠራም።

ሪአክተር (የኢንዳክታንስ ጥቅል) ያለበት ሰርኪዩት ሲከፈት ቮልቴጁ በየስቴፑ እንደ መጋዝ ጥርስ ከዘለለ ታይም ስቴፑን በግማሽ ቀንሱ። የመዝለሉ ፍጥነት አብሮ ከተቀየረ ጣጣው የትራፔዞይዳል ስሌቱ (ኤቲፒ የሚጠቀምበት የስሌት ዘዴ) እንጂ የኔትወርኩ አይደለም፤ ከሪአክተሩ ጋር ትልቅ ሬዚስተር በፓራለል ማሰር ያጠፋዋል። (ሬዚስተሩን አሳንሳችሁ እውነተኛውን ትራንዚየንት እንዳትገድሉት።)

የቀረው የ400 ቮልቱ ጎን ነው። ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ለፓወር ፋክተር የተተከለ ካፓሲተር ከትራንስፎርመሩ ጋር የሚፈጥረው ሬዞናንስ (ሁለቱ አብረው በራሳቸው የሚወዛወዙበት ፍሪኩዌንሲ) ወደ 456 ኸርዝ ከተጠጋ፣ ቮልቴጁ ከ15ቱ ጎን ይልቅ እዚያ ይብሳል፤ የሞተር ድራይቮችን (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎችን) በዲሲ ኦቨርቮልቴጅ ትሪፕ ያደርጋል፣ ማለትም ያጠፋቸዋል። ኢምፔዳንሱ 4 በመቶ ለሆነ ባለ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር አደገኛው መጠን 95 ኪሎቫር አካባቢ ነው።