ሄስቲንግስ ደርሼ መጣሁ

ዛሬ ጠዋት ከለንደን ባቡር ተሳፍሬ ሄስቲንግስ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ወረድኩ። መንገድ ላይ ባትል የሚባል ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም የእንግሊዙን ንጉሥ ሃሮልድን ድል ያደረገው እዚያ ነው፤ ጦርነቱ በሄስቲንግስ ስም ይጠራ እንጂ።

ልቤን የወሰዱት ግን የዓሣ አጥማጆቹ መረብ ማስቀመጫዎች ናቸው። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ረጃጅም የእንጨት ቤቶች። ቦታው ጠባብ ስለነበር ወደ ላይ ሠሯቸው። አንዱን በእጄ ዳሰስኩት፤ ሻካራ ነው። ጀልባዎቹን ዛሬም ጠጠሩ ላይ ጎትተው ያወጧቸዋል። ደስ ሲሉ!

እዚያው ቁጭ ብዬ ትኩስ ዓሣና ድንች በላሁ። ማዕበሉ ሲመለስ ጠጠሩ ይንሿሿል። እማዬ ትዝ አለችኝ። ባሕር አይታ አታውቅም። ድምፁን በስልኬ ቀድቼ ላኩላት።

«ልጄ፣ ዝናብ ነው እንዴ?» አለችኝ።