ከረጢቱ እንዳይከፈት፦ እሾሃማ አምባዛዎቼን ያስመጣሁበት መንገድ

ስለ ፕሴውዳካንቲከስ የሚጽፍ ሁሉ ስለ ውበቱ ይጽፋል። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ አኳሪየሙ ባለችው አጭር መንገድ ላይ እንዴት እንደሚሞት ግን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። የነገረኝ ቢኖር ሁለቱ ዓሦቼ ዛሬም በሕይወት ይኖሩ ነበር።

ለማያውቀው፣ ፕሴውዳካንቲከስ በአማዞንና በኦሪኖኮ ተፋሰሶች፣ እንዲሁም በጉያናና በሱሪናም ወንዞች የሚኖር የአምባዛ ወገን ነው። አካሉ በአጥንት ሰሌዳዎች ተሸፍኗል፤ በሰሌዳዎቹ ላይ ወደ ኋላ ያጋደሉ ሹል እሾሆች በመስመር ተደርድረዋል። አርቢዎች ካክተስ ፕሌኮ ይሉታል፤ ፕሌኮ በሰሌዳ የተሸፈኑ የዚህ ቤተሰብ አምባዛዎች የንግድ ስም ነው። እኔ የመረጥኩት በአርቢ ቤት የተፈለፈሉ ኤል 114 በሚል የንግድ ቁጥር የሚታወቁትን ግልገሎች ነው፤ እንደ ነብር ነጠብጣብ ያለባቸው፣ የጅራታቸው ክንፍ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ።

ዝግጅቱ አላስቸገረኝም። ሰፊ አኳሪየም፣ አሸዋ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ለእያንዳንዱ ዓሣ መሸሸጊያ ዋሻ፣ አስቀድሞ የሠራ ማጣሪያ። ውሃው 28 ዲግሪ ነው። በዚህ ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ ከ8 ሚሊግራም ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው፤ ይህ ዓሣ ደግሞ የኃይለኛ ወራጅ ውሃ ልጅ ስለሆነ ፓምፑ ላይ መቆጠብ አይገባም። መስታወት ያጸዳልኛል ብሎ የሚገዛው ካለ ይተወው። ጥርሶቹ ጥቂት ናቸው፣ አልጌ የሚፍቁ አይደሉም፤ የሚፈልገው ሽሪምፕና የዓሣ ሥጋ ነው። የማስገቢያ ፈቃዱም በጊዜው ወጣ።

ችግሩ የጀመረው ሳጥኑ ከደረሰ በኋላ፣ ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሰውየው ወረቀቱን አየና «ኤል 114 የሚባል ዓሣ በዝርዝራችን የለም» አለ። አስረዳሁት። ዳትዝ የተባለው የጀርመን መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1988 ሳይንሳዊ ስም ላልወጣላቸው የዚህ ቤተሰብ ዓሦች የኤል ቁጥር መስጠት ጀመረ፤ ንግዱም እስከ ዛሬ የሚሠራበት በዚሁ ቁጥር ነው። ፕሴውዳካንቲከስ ሊዮፓርደስ የሚለው ሳይንሳዊ ስም እ.ኤ.አ. በ1914 ከጉያናው ሩፑኑኒ ወንዝ ለተገኘ ዓሣ የተሰጠ ነው። ኤል 114 ግን የብራዚሉ የደሚኒ ወንዝ ዓሣ ስለሆነ፣ ጠንቃቃ ላኪ «ሊዮፓርደስን የሚመስል» ብሎ ነው የሚጽፈው። «ስሙ ያልለየለት ዓሣ እንዴት ይገባል?» አለኝ። ሌላዋ ባልደረባው መጣችና ከብራዚል የሚመጣ ፕሌኮ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ በሚገዛበት ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የተያዘ ነው አለች። እሷ የምትለው የዢንጉ ወንዙን ዜብራ ፕሌኮ ነው፤ ሂፓንሲስትረስ ዜብራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ዝርዝሩ ውስጥ የገባው። ወገኑም፣ ወንዙም፣ መልኩም ሌላ ነው። ፎቶ አሳየሁ፣ ስልክ ተደወለ፣ ኃላፊው ምሳ ወጥቷል ተባለ።

ይህ ሁሉ ይሁን። ይቅር ልለው ያልቻልኩት ቀጥሎ ያደረገውን ነው። «ታፍነዋል፣ አየር ይግባላቸው» ብሎ መቀስ አነሣ። «ጌታዬ፣ እባክዎ አይክፈቱት!» እያልኩ እየለመንኩት የከረጢቶቹን ጎማ አንድ በአንድ ቆረጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣው በታሸገ ከረጢት ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና ውሃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ በዚህ ውሃ ውስጥ አብዛኛው አሞኒየም ሆኖ ስለሚቆይ እምብዛም አይጎዳም። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ሽቅብ ይላል፣ አሞኒየሙም ወደ መርዛማው አሞኒያ ይለወጣል። ፒኤቹ በአንድ ሲጨምር መርዛማው ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። አየር ይግባ የተባለው ዓሣ በዚያው በራሱ ውሃ ስንጥቡ እየተቃጠለ ነው የሚሞተው። የእኔዎቹ ስንጥባቸውን በፍጥነት ሲያርገበግቡ፣ ቆመን ስለ ላቲን ስም እንከራከር ነበር።

ከዚያ ደግሞ መቁጠሪያ ብሎ መረብ አመጣ። ካክተስ ፕሌኮ ሲደነግጥ የደረት ክንፉን እሾህ ወደ ጎን ገትሮ ይቆልፋል፤ የጎኑ እሾሆች ወደ ኋላ ስላጋደሉ መረብ ውስጥ ከገባ ወደፊትም ወደኋላም አይወጣም። ሰውየው ሊስበው ሲል እጁን ያዝኩት። ዓሣውን ከነመረቡ ውሃ ውስጥ ይዤ፣ በትንሽ መቀስ በእያንዳንዱ እሾህ ዙሪያ ያለውን ክር ቆረጥኩ። አንዱ እሾህ ከነሥሩ ተነቅሎ መረቡ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ቦታው ላይ ነጭ ሥጋ ይታያል። ያ ዓሣ ተረፈ። ከረጢታቸው ቀድሞ ከተከፈተባቸው መካከል ሁለቱ ግን ሌሊቱን አላደሩም።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ከላኪው ጋር የሚመጣው ወረቀት ከረጢቱን ከፍታችሁ የአኳሪየሙን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ አንድ ሰዓት አቆዩ ይላል። ረጅም መንገድ ለመጣ ዓሣ አትስሙት። ከረጢቱ እንደታሸገ አኳሪየሙ ላይ አንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ሲመጣጠን ክፈቱና ዓሣውን ወዲያው ወደ ንጹሕ ውሃ አሻግሩ፤ የከረጢቱን ውሃ ድፉት። በእርግጥ ይህ የሚሠራው የመዳረሻው ውሃ የጨው መጠን አርቢው ቤት ከነበረው ብዙም ካልራቀ ነው፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። መረብ አትጠቀሙ፤ ጎድጓዳ የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። ላኪው ከመንገዱ በፊት ዓሦቹን እንዲያስጾማቸው፣ እያንዳንዱንም ለብቻው በድርብ ከረጢት፣ በመሃል ጋዜጣ አድርጎ እንዲያሽገው አስገድዱት፤ እሾሁ ነጠላውን ላስቲክ ይበሳዋል።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ የኤል ቁጥሩ ብቻውን አይጻፍ። የቤተሰቡ ስም ሎሪካሪዴ፣ የወገኑ ስም፣ በአርቢ ቤት የተፈለፈለ መሆኑና የሳይተስ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ በየገጹ ይግባ። ይህንኑ ወረቀት ሳጥኑ ሳይነሣ ለተቆጣጣሪው ቢሮ ላኩና ተቀብለነዋል የሚል የጽሑፍ መልስ ያዙ። ቆጠራው በግልጽ ከረጢት፣ ከውጭ፣ በባትሪ ብርሃን ሊካሄድ ይችላል፤ ይህንንም አስቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ።