የጎልደን ግሎብ ዕጩዎችን ልገምት ብዬ የተዋረድኩበት ዓመት

መጀመሪያ ውጤቱን ልናገርና ይውጣልኝ። ከ12 ሰው 11ኛ ወጣሁ። 12ኛው ቅጹን ግማሽ ድረስ ሞልቶ የተወ ሰው ነው። አንደኛ የወጣችው ደግሞ ታናሽ እህቴ ናት። በዚያ ዓመት ከታጩት ፊልሞች ያየችው ሁለት ብቻ ነው። እኔ አርባ ገደማ አይቼ ነበር፣ አንዳንዶቹን ሁለቴ።

ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው። የጎልደን ግሎብ (የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ነው) ዕጩዎች ዲሴምበር 11 ከመነገራቸው በፊት ማን ማን እንደሚታጭ አስቀድሞ የሚገመትበት ጨዋታ ኢንተርኔት ላይ አገኘን። 12 ሆነን የራሳችንን ቡድን ከፈትን። አንድ ትክክለኛ ስም፣ አንድ ነጥብ። ለተሳሳተ አይቀነስም። ይሄን «አይቀነስም» የሚለውን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መመዝገብ ቀላል ነው። ኤክሴል ላይ ሰንጠረዥ መሥራት ቀላል ነው። የተቺዎችን ምርጥ ዝርዝር መሰብሰብም ያው ጊዜ ይፈጃል እንጂ ከባድ አይደለም። በዚያ ዓመት አንድ ችግር ነበር፣ የሆሊውድ ተዋናዮች ከጁላይ እስከ ኖቬምበር አድማ ላይ ስለነበሩ ለፊልማቸው ቃለ መጠይቅ አይሰጡም። ስለዚህ ማን ለሽልማት እየሮጠ እንደሆነ በወሬ መለየት አይቻልም ነበር። ኤሚ የሚባለው የቴሌቪዥን ሽልማትም በዚሁ ምክንያት ከሴፕቴምበር ወደ ጃንዋሪ 2024 ተገፍቷል። ግን ይሄ ሁሉ ለሁላችንም እኩል ነው፣ ሰበብ አላደርገውም።

የወደቅኩት ሌላ ቦታ ነው። ምድቡ ላይ።

የጨዋታው አዘጋጆች የለጠፉት መመሪያ አለ። «ፊልሞቹን ይመልከቱ፣ ዓይንዎን ይመኑ፣ በየምድቡ አምስት ዕጩ ይገምቱ» ይላል። አምስት! ቅጹን ስከፍተው ግን ስድስት ክፍት ቦታ አለው። ለካ በዚያ ዓመት ግሎቦች በየምድቡ የዕጩውን ቁጥር ከአምስት ወደ ስድስት አሳድገዋል፣ አዘጋጆቹ ደግሞ ቅጹን አስተካክለው መመሪያውን የአምናውን ትተውታል። እኔ ምን አሰብኩ? ስድስተኛው ተጠባባቂ ነው ብዬ ተውኩት። ማንንም አልጠየቅኩም። በዚያ ዓመት 27 ምድብ ነበር፣ በቦክስ ኦፊስ (በትኬት ሽያጭ) ስኬት ከሚሸለመው አዲሱ ምድብ በስተቀር (እሱ ስምንት ዕጩ ነው የሚይዘው) በሁሉም ላይ አንድ አንድ ቦታ ባዶ ትቼ ላኩ። 26 ባዶ ቦታ። ለተሳሳተ የማይቀነስበት ጨዋታ ላይ! የጎረቤቴን ስም ብጽፍበት እንኳ የምከስረው ነገር አልነበረም።

ከውጤቱ በኋላ ጻፍኩላቸው። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ «ቅጹ ላይ ስድስት ቦታ እያዩ ለምን አልሞሉም?» ይቅርታ የለ፣ «መመሪያው ላይ ተሳስተናል» የለ። በማግስቱ ግን መመሪያው ላይ ያለው አምስት ድምፁን አጥፍቶ ስድስት ሆኖ አገኘሁት። ስክሪንሾቱ አለኝ። ለማን እንደማሳየው ባላውቅም አለኝ።

ይሄ ግን ትንሹ ጥፋት ነው። ትልቁ የራሴ ነው፣ በማንም ላላሳብብ።

ጎልደን ግሎብ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ አንድ ደንብ ነበር። አብዛኛው ንግግሩ እንግሊዝኛ ያልሆነ ፊልም በምርጥ ድራማ ወይም በምርጥ ኮሜዲና ሙዚቃዊ ፊልም መወዳደር አይችልም፣ ለብቻው ወዳለው የውጭ ቋንቋ ምድብ ነው የሚላከው። በ2021 ሽልማት «ሚናሪ» የአሜሪካ ፊልም ሆኖ ሳለ አብዛኛው በኮሪያኛ ስለሆነ ብቻ እዚያ ተመደበ። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር፣ ከማንም ጋር ስለሱ ተከራክሬያለሁ። ንዴቴ ደንቡን አእምሮዬ ላይ እንደ ማኅተም አተመው። ደንቡ ግን በዚያው ዓመት ተቀየረ። ከ2022 ሽልማት ጀምሮ በየትኛውም ቋንቋ የተሠራ ፊልም ለምርጥ ፊልም መወዳደር ይችላል። እኔ ስለ ክፉው ደንብ ሦስት ዓመት ሳወራ መነሳቱን ያስተዋለልኝ ሰው የለም፣ ራሴም አላየሁም።

ስለዚህ ምርጥ ድራማ ላይ ከሌላ ቋንቋ አንድም አልጻፍኩም። ዕጩዎቹ ሲነበቡ ከስድስቱ ሦስቱ «ፓስት ላይቭስ»፣ «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» እና «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ናቸው። ኮሪያኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ። ግማሹ ምድብ ማለት ነው። ሦስቱንም አይቻቸዋለሁ። ሦስቱንም ወድጃቸዋለሁ! «ፓስት ላይቭስ»ን በዓመቱ ካየኋቸው ሁሉ አስበልጬው ነበር፣ «ምን ያደርጋል፣ አይፈቀድለትም» ብዬ በገዛ እጄ ሰረዝኩት።

የባሰው ደግሞ አለ። አሮጌው ደንብ በራሱ የሚከለክለው ምርጥ ፊልምን ብቻ ነበር። ተዋናይ፣ ዳይሬክተር፣ የፊልም ጽሑፍ፣ እነዚህ መቼም ተከልክለው አያውቁም። «ፓራሳይት» እኮ በ2020 በምርጥ ፊልም መወዳደር ተከልክሎ ዳይሬክተሩ ግን ታጭቷል። ይሄን አውቃለሁ። እያወቅኩ «ፊልሙ ካልገባ ሰዎቹም አይገቡም» ብዬ የ«አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል»ን ተዋናይት ሳንድራ ሁለርን ተውኳት፣ የ«ፓስት ላይቭስ»ን ተዋናይት ግሬታ ሊን ተውኳት፣ ዳይሬክተሯን ሴሊን ሶንግን ተውኳት፣ በፊልም ጽሑፍም እነዚሁን ሁለት ፊልሞች ዘለልኳቸው። ቁጠሩት፣ ስምንት ነጥብ። የሌለ ደንብ ከነበረውም በላይ አጥብቄ ራሴ ላይ ተገበርኩት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው።

ቀጥሎ «ሜይ ዲሴምበር»። ፊልሙን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ አዋቂ ሴት ከአንድ ልጅ ጋር ስለጀመረችው ግንኙነትና ስላስከተለው ጠባሳ ነው። አይቼ ስጨርስ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ናታሊ ፖርትማንንና ጁሊያን ሙርን ሁለቱንም የድራማ መሪ ተዋናይት ላይ ጻፍኳቸው። ፊልሙ የተወዳደረው በኮሜዲ ነው። አዎ፣ በኮሜዲ። ፖርትማን በኮሜዲ መሪ ተዋናይት፣ ሙር በረዳት ተዋናይት፣ ፊልሙ ራሱ በምርጥ ኮሜዲ ታጩ። ሦስቱም ይታጫሉ ያልኩት ትክክል ነው፣ ያገኘሁት ግን ዜሮ ነው። ይሄኛው ከሁሉ ያናድዳል፣ ምክንያቱም ግምቴ አልተሳሳተም፣ ሳጥኑ ነው የተሳሳተው።

እዚህ ላይ ለአዘጋጆቹም ለሌላውም የማልስማማበትን ልናገር። «ዓይንህን እመን» የሚለው ምክር የትም አያደርስም። ፊልሙ ሲያዩት የሚያስለቅስ መሆኑ ምንም አይነግርህም። በየትኛው ምድብ መቅረብ እንዳለበት የሚያመለክተው ስቱዲዮው ነው፣ የሚወስኑት ግሎቦቹ ናቸው፣ ስቱዲዮው ደግሞ የሚያመለክተው ፉክክሩ ወደሚቀልበት ነው። «ዘ ማርሺያን» ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ታሪክ ሆኖ በ2016 በምርጥ ኮሜዲ አሸንፏል። «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ሆኖ በ2019 ያሸነፈው በድራማ ነው። ስለዚህ ማንን እንደምትገምት ከማሰብህ በፊት እያንዳንዱ ፊልም የት እንደቀረበ ፈልግ። የሆሊውድ የሙያ ጋዜጦች ዕጩዎቹ ከመነገራቸው ሳምንታት በፊት ይጽፉታል። እኔ ይሄን ያነበብኩት ከውጤቱ በኋላ ነው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እህቴን እንዴት አድርገሽ ሞላሽው ብዬ ጠየቅኳት። «ዜና ላይ ደጋግመው የሚጠሯቸውን ነው የጻፍኩት። ምድቡንማ ጽፈውታል አይደል እንዴ?» አለችኝ። ቀና ብላም አላየችኝም፣ ስልኳን እየነካካች ነበር።

ቴሌቪዥኑ ላይ የሠራሁት ጥፋት ሌላ ዓይነት ነው። ይሉኝታ ልበለው። ከአንድ ተከታታይ ድራማ ሁለት ሰው መጻፍ ለሌላው ግፍ መሰለኝና ከየድራማው አንድ አንድ ሰው አከፋፈልኩ። መራጮቹ እንዲህ ዓይነት ይሉኝታ የላቸውም። «ሰክሴሽን» በመጨረሻው ሲዝኑ ለመሪ ተዋናይ ምድብ ሦስት ሰው አስገባ፣ ብራያን ኮክስ፣ ኪራን ከልኪንና ጄረሚ ስትሮንግ። በረዳት ተዋናይም ሌላ ሦስት። ከ12 ቦታ ስድስቱን አንድ ድራማ ወሰደው። አንድ ተከታታይ ሲወደድ ሙሉ ቤተሰቡ ነው የሚታጨው። በተለይ ረዳት ተዋናይ ላይ ድራማና ኮሜዲ ተቀላቅለው ስለሚወዳደሩ ለማይታወቅ ሰው የሚተርፍ ቦታ ጥቂት ነው።

ደግሞ ኤሚን አይታችሁ ግሎብን አትገምቱ። ኤሚ ከጁን እስከ ሜይ የታየውን ነው የሚመዝነው፣ ግሎብ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። በጃንዋሪ 2024 ሁለቱ ሽልማቶች በስምንት ቀን ልዩነት ተካሄዱ፣ «ዘ ቤር» የሚባለው ተከታታይ ግሎብ ላይ በሁለተኛ ሲዝኑ፣ ኤሚ ላይ በመጀመሪያው ነበር የተወዳደረው። ይሄን እንኳ አውቄው ነበር። ትንሽ ያኮራኛል፣ ብቻዬን የምኮራበት ቢሆንም።

መራጮቹን በተመለከተ፣ ኦስካርን የሚመርጡት በፊልም ሥራ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ግሎብን የሚመርጡት ጋዜጠኞች። በ2021 ሽልማቱን ይሰጥ የነበረው የጋዜጠኞች ማኅበር አባላት 87 ብቻ እንደነበሩና አንድም ጥቁር ሰው እንዳልነበረባቸው ሲጋለጥ ትልቅ ጣጣ መጣ፣ የ2022ቱ ሽልማት በቴሌቪዥን ሳይተላለፍ ቀረ። በ2023 አሮጌው ማኅበር ፈረሰ። በዚያ ዓመት የመረጡት ከመላው ዓለም የተውጣጡ ወደ 300 የሚሆኑ ጋዜጠኞች ነበሩ። ከአውሮፓና ከእስያ የመጣ ፊልም በዚህ ሁሉ ምድብ መግባቱ ታዲያ ምን ያስገርማል? ማን እንደሚመርጥ አስቤ ቢሆን ኖሮ ደንቡን ባላውቅ እንኳ ይጠቁመኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2024፣ ተበቀልኩ። መጀመሪያ የምድቡን ዝርዝር ወረቀት ላይ አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። «ዘ ሰብስታንስ» የሰው ገላ ሲበላሽ እያሳየ የሚያቅለሸልሽ አስፈሪ ፊልም ሆኖ በኮሜዲ እንደቀረበ ሳይ አልሳቅኩም፣ ፊልሙንም ዴሚ ሙርንም እዚያው ጻፍኩ፣ ሁለቱም ገቡ። «ኤ ኮምፕሊት አንኖውን» ስለ ዘፋኝ ቢሆንም ድራማ ውስጥ ከተትኩት፣ ገባ። «ኤሚሊያ ፔሬዝ» በስፓንኛ ነው ብዬ አንድም ቦታ አልከለከልኩትም፣ አሥር ጊዜ ታጭቶ በዕጩነት ብዛት አንደኛ ሆነ። ስድስተኛውን ቦታ ሁሉ ሞላሁ። ባላውቅም ሞላሁ። ከ12 ሰው ሁለተኛ።

አንደኛ ማን እንደሆነች አትጠይቁኝ።

ያሸነፈችኝ በአንድ ነጥብ ነው። ነጥቡ የት እንደሄደ ሌሊት ቁጭ ብዬ ፈለግኩት። የሕንዷ ዳይሬክተር ፓያል ካፓዲያ የሠራችው «ኦል ዊ ኢማጂን አዝ ላይት» የሚባል ፊልም አለ፣ እንግሊዝኛ ባልሆነ ፊልም ምድብ ታጭቷል። ሰንጠረዤ ላይ ጽፌው ነበር። ከዚያ ፊልሙን በጋራ ከሠሩት አገሮች ሕንድም ሆነች ፈረንሳይ ለኦስካር ሌላ ፊልም መላካቸውን ሰማሁና «አገር ያልላከው ፊልም በምን ይገባል» ብዬ ሰረዝኩት። አገር ይላከው የሚል ደንብ ያለው ኦስካር ነው። ግሎብ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም።

እህቴ ግን ጽፋዋለች። ፊልሙን አይታዋለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አላየችም።