ማን ነው ያለኝ?

ሰሞኑን ያቺ የምታውቋት ድብርቴ ተመልሳለች። ሕመም አይደለችም፣ ሐዘንም አይደለችም። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፤ ማታ ግን ኮምፒውተሩን ከፍቼ ባዶውን ገጽ እያየሁ እቀመጣለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሟል። ለምን እንደቆመ አትጠይቁኝ፤ አማካሪዬም መጠየቅ ትቷል።

በዚህ መሀል መ. አንድ የድምፅ ቅጂ ላከችልኝ። የምርቃታችን ዕለት የተደረገው ንግግር። ከየት እንዳገኘችው እንጃ፤ የሆነ ሰው በስልኩ ቀድቶት ኖሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሟል። «ትዝ ይልሻል?» ብላ ጽፋለች። ትዝ ይልሻል ወይ! እኔ እኮ ያንን ንግግር እየተመረኮዝኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ሙሉውን እንኳ ባይሆን፣ ከውስጡ የወጣችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር። ለብዙዎቻችሁ ነግሬያችኋለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ከመስማት ብዛት በቃላችሁ ይዛችኋታል፦ «ዛሬ የደከመሽን ያህል ነገ አይደክምሽም።»

የማታ ትምህርቱን የጨረስኩት በእሷ ነው። ሥራ ውዬ ክፍል ገብቼ፣ መምህሩ የሚጽፈው ሁሉ እየተደበላለቀብኝ፣ «በቃ፣ ነገ ሄጄ አቋርጫለሁ እላለሁ» ብዬ ስወስን ትመጣለች። ነገ አይደክምሽም። እሺ እላለሁ፤ ነገ ይመጣል፤ ይደክመኛል፤ ደግሞ እሺ እላለሁ። ስንቱ ሴሚስተር እንዲህ አለፈ።

እናም ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ልክ አሮጌ ወዳጅ ሊመጣ ነው የተባልኩ ያህል ልቤ ይመታል። ቅጂው መጥፎ ነው፤ ሳል፣ የወንበር ሲጢጥታ፣ አንድ የሚያለቅስ ሕፃን። የተናጋሪው ድምፅ ከማስታውሰው ቀጠን ያለ ነው። ወላጆችን አመሰገኑ። ስለ አደራ ተናገሩ። ስለ ራሳቸው የተማሪነት ዘመን ቀልድ ጣል አደረጉ፤ አዳራሹ ሳቀ፤ የእኔም ሳቅ እዚያ ውስጥ መኖር አለበት። ስለ ትጋት፣ ስለ ተስፋ፣ እንደገና ስለ አደራ። ጭብጨባ። አለቀ።

ዓረፍተ ነገሯ የለችም።

ቅጂው ተቆርጦ ይሆናል ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው ሰማሁት። አልተቆረጠም። የሚቀርባት ነገር እንኳ የለም። ይልቁንስ ሁለተኛውን ጊዜ ስሰማ ነው የነቃሁት፦ እሳቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገሩት «እናንተ» እያሉ ነው። የሚያናግሩት አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው፤ ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል? የእኔዋ ግን «ደከመሽ» ነው የምትለው። ያን ሁሉ ተመራቂ ትተው ለእኔ ለብቻዬ «አንቺ» አሉኝ ማለት ነው? ይህን ሁሉ ዓመት ይዣት ስዞር እንዴት አልከነከነችኝም?

ታዲያ ማን ነው ያለኝ? እማዬ እንዳልል፣ እማዬ ስለ ድካም ያላት ምክር አንድ ነው፤ «ተኚ» ነው የምትለው። መ. አትሆንም፤ መ. ያኔ ከእኔ በላይ ደክሟት ነበር። ምናልባት ከኋላዬ የተቀመጠች እናት ለራሷ ልጅ ስታንሾካሹክ ሰምቼ ይሆን? ምናልባት እኔው ራሴ፣ ከዚያ ሌሊቶች በአንዱ ፈጥሬ፣ የሚታመን እንዲሆን ትልቅ ሰው አፍ ውስጥ አስገብቼው ይሆን? ይኼኛው ነው ይበልጥ የሚመስለኝ። እኔ ራሴን «በርቺ» ብለው ራሴ አልሰማኝም፤ ካባ የለበሱ ሰው ሲሉ ግን እሰማለሁ።

ፍሬድሪክ ባርትሌት የሚባል የካምብሪጅ የሥነ ልቦና ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራው ላይ ለሰዎች የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት አስነብቦ፣ ቆይቶ ከትዝታቸው እንዲጽፉት አድርጓል። አንዳንዶቹን ከወራት፣ አንዳንዶቹን ከዓመታት በኋላ ነው የጠየቃቸው። ታንኳው ጀልባ ሆኖ መጣ። የባሕር እንስሳ አደን ዓሣ ማጥመድ ሆነ። እንግዳ የሆነባቸውን ነገር ጣሉት፣ የጎደለውን ከራሳቸው ሞሉት፣ ግን እንዳነበቡት የጻፉት ነበር የሚመስላቸው። ይህን የተማርኩት እዚያው የማታ ክፍል ውስጥ ነው፤ በሰው ሲሆን ገብቶኝ ነበር።

ደግሞስ ሰምተነው የተነካንበት ንግግር የተናጋሪው የብቻው ነው ያለው ማን ነው? እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ዋሽንግተን ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ሲቆም፣ «ሕልም አለኝ» የሚለው ክፍል በያዘው ወረቀት ላይ አልነበረም። ከዚያ በፊት በሌሎች ቦታዎች ብሎታል፤ ከሁለት ወር በፊት ዲትሮይት ላይም ብሎታል። በዚያን ዕለት ግን ትቶት ነበር። ማሃሊያ ጃክሰን፣ ዘማሪዋ፣ ከአጠገቡ ሆና «ስለ ሕልሙ ንገራቸው፣ ማርቲን!» ብላ ጮኸች። ወረቀቱን ማንበብ ተወ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ወረቀቱ ላይ የነበረውን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ማንዴላም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1964 ሪቮኒያ በሚባለው ችሎት ከተከሳሾች ሳጥን ሆኖ ለሰዓታት ተናገረ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ጠበቆቹ ፈርተዋት ነበር፤ ለምሞትለት ዓላማ ነው የቆምኩት እያለ ለዳኛው ገመዱን ራሱ እንዳያቀብል። ጆርጅ ቢዞስ የተባለው ጠበቃው «አስፈላጊ ከሆነ» የምትል ሐረግ እንዲያስገባ መከረው፤ አስገባት። ለመሞት ዝግጁ ነኝ ከማለት በፊት፣ አስፈላጊ ከሆነ። ስንት ጊዜ አንብቤው ያቺን ሐረግ አልፌያት ሄጃለሁ። አሁን ሳስባት የንግግሩ ሁሉ ጤና ያለው እሷ ውስጥ ይመስለኛል። ሞትን ጀግንነት ስለሆነ አልፈለገውም፤ ከመጣ ግን አይሸሽም። ከሁለት ወር በኋላ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1990 ሲፈታ፣ ኬፕ ታውን ላይ ያንኑ የንግግሩን መጨረሻ ደግሞ አነበበው።

በሁለቱ ንባቦች መሀል ነው ቆሜ የምቀረው። ሮበን ደሴት ላይ የኖራ ድንጋይ ሲፈልጡ የዋሉባቸው ዓመታት። ጭብጨባ የለም፣ አዳራሽ የለም። በዚያ መሀል፣ በማይታወቅ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ለራሱ ምን ይለው ነበር? ያን ትልቁን ዓረፍተ ነገር እየደገመ ድንጋይ ፈለጠ ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ለጠዋት ጠዋት የሚሆን ሌላ ትንሽ ነገር ሳይኖረው አይቀርም።

(መ. ይህን ስታነብ «ከምርቃት ንግግር ተነስታ ሮበን ደሴት ደረሰች» እንደምትል አውቃለሁ። ታገሺኝ።)

የኬኔዲ የጨረቃ ንግግርም አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1962፣ ሂውስተን፣ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም፣ ወደ 40,000 የሚጠጋ ሕዝብ። ይህን የመረጥነው ቀላል ስለሆነ ሳይሆን ከባድ ስለሆነ ነው አለ። እሱን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ከዚያ በፊት በገዛ እጁ ጽሑፍ ወረቀቱ ላይ የጨመራት ቀልድ ናት፦ ለምን ጨረቃ? ለምን ረጅሙን ተራራ መውጣት? ራይስስ ለምን ከቴክሳስ ጋር ይጫወታል? የራይስ የእግር ኳስ ቡድን ያን ኃያል ቡድን ለምን ይገጥማል ማለቱ ነው። ሕዝቡ በሳቅና በጩኸት ነጎደ። ከዚያ ሁሉ ሰው ስንቱ ማታ ቤቱ ገብቶ «ምን አለ?» ሲባል ስለ ጨረቃ ሳይሆን ስለ ኳሱ አውርቶ ይሆን?

እሱ ማረፉን አላየም፤ በዓመቱ ተገደለ። በጁላይ 1969 ሰው ጨረቃ ላይ ሲቆም ከሥራው ጀርባ 400,000 ያህል ሰው ነበረ ይባላል። ከእነሱ ውስጥ እኔ ሁሌ የማስባቸው ልብስ ሰፊዎቹን ነው። የጠፈርተኞቹን ልብስ የሠራው ድርጅት የሴቶች የውስጥ ልብስ በማምረት የሚታወቅ ነበር፤ ልብሱን በስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው የሰፉት ሴቶች ናቸው። ድርብርብ ጨርቅ፣ አንዲት ስፌት ብትዛነፍ ሰው የሚሞትበት። ሰፍተው ሲፈተሽ አይሆንም ይባላሉ፤ ፈትተው እንደገና። ከነዚያ ሴቶች አንዷን ባገኛት የምጠይቃት ስለ ጨረቃ አይደለም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትፈቺው ምን እያልሽ ነበር የፈታሽው? ነው የምላት። መቼም «ከባድ ስለሆነ ነው» አትለኝም።

ሳይንሱ ደግሞ ለትልልቅ ቃላት ብዙም አይራራም። ጋብሪኤል ኦቲንገን የምትባል ተመራማሪ፣ ሰው ያሰበው እንደተሳካለት አድርጎ በምናቡ ሲደሰት ጉልበቱ እንደሚላላ አሳይታለች፤ ሰውነቱ የደረሰ መስሎት ዘና ይላል። ፒተር ጎልዊትዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፣ መሆን የምንፈልገውን ለሰው ስንናገርና ሰው ሲሰማን ግማሹን የሆንን ስለሚመስለን ሥራው ላይ እንደምንለግም ጽፏል። ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ስለ ዕቅድ እንዴት እንደሚወራ ሳስበው ያስቀኛል፤ «ዘንድሮ እኮ…» ሲል እሷ «ዝም በል!» የምትለው ይመስለኛል።

እኔስ? ስለ ጽሑፉ ያልነገርኩት ሰው አለ? የታክሲ ሾፌር ሳይቀር ርዕሱን ያውቀዋል። በነገርኩ ቁጥር «ጎበዝ!» እባላለሁ፤ በተባልኩበት ማታ አልጽፍም።

ግን እኮ ያቺ ዓረፍተ ነገር ሠርታለች። ማንም ባይላትም ሠርታለች። እንዲያውም ውሸት ሆና ሳለ ነው የሠራችው፤ ነገ እንደ ዛሬው ይደክማል፣ አንዳንዴም ይብሳል፣ ይህን በሥጋዬ አውቀዋለሁ። ለምን እንደሠራች ዛሬ ማታ ሳስብ የደረስኩበት ቢኖር ምንም ነገር ቃል አልገባችልኝም፤ «ትደርሻለሽ» አላለችም፣ «ትልቅ ሰው ትሆኛለሽ» አላለችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማቆሙን ለነገ አሳድሪው። ማቆም ሁልጊዜ የነገ ሥራ ሆኖ ቀረ። ሰነፍ ሥራውን እንደሚያሳድረው እኔ ስንፍናዬን አሳደርኩት ማለት ነው፤ እንዲህ ሲታይ ጽናት የሚባለው ነገር ያን ያህል የሚያኮራም አይመስልም።

ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ የሆነው ነገር ግን ባዶ አልነበረም። ከዚያ የወጣሁት ሌላ ሰው ሆኜ ነው፤ ይህንን ማንም ቅጂ አያስክደኝም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በነጋታው ነው ለማታው ትምህርት የተመዘገብኩት። የተናገሩት ስለ አደራ ከሆነ፣ አደራው ደግሞ እኔ ውስጥ ገብቶ ስለ ድካም ሆኖ ከወጣ፣ ማን ነው የተናገረው?

ለመ. «ዓረፍተ ነገሯ የለችም እኮ» ብዬ ጻፍኩላት። «የትኛዋ?» አለች። ነገርኳት። «እሷን የት አባቱ ሰማሻት? ዋናው እኮ እንባቸው የመጣበት ቦታ ነው፤ ስለ እናታቸው ሲናገሩ» አለችኝ። ስለ እናታቸው አልተናገሩም። እንባም የለም። አልነገርኳትም፤ እሷም በዚያ እንባ ስንት ነገር እንዳለፈች አውቃለሁ።

እሳቸው በሕይወት አሉ። መ. አድራሻቸውን ማግኘት ይቻላል ትላለች። ሄጄ ላመስግናቸው ብል ምን ብዬ ነው የማመሰግነው? «ላላሉት ነገር እግዜር ይስጥልኝ» ይባላል? ወይስ ዓረፍተ ነገሯን ብቻ ልንገራቸው፣ ዝም ብዬ? የሚያስፈራኝ ደግሞ ይኸው ነው፤ እንዳሉኝ አድርጌ ስነግራቸው፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ ፈገግ ብለው፣ «አዎ፣ እሷን ብዬ ነበር» ቢሉኝስ?