ለድሬ ቀትር አንድ፣ ለጁገል ሌላ

ሬንጅፋይንደር ካሜራ (በመመልከቻው ሁለት ምስሎችን አገጣጥማችሁ ፎከስ የምታደርጉበት) መግዛት የፈለገ ሁሉ «የትኛው ይሻላል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የት ልታነሳበት ነው እላለሁ። ድሬዳዋ ቀትር ላይ የሚሆነው ካሜራና ሐረር ጁገል ውስጥ የሚሆነው አንድ አይደለም።

ከድሬ ልጀምር። ከዚራ ላይ እኩለ ቀን ፀሐዩ ከአናት ነው የሚወርደው፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ስታነሱ ዓይኑ በጥላ ይዋጣል። መፍትሔው ትንሽ ፍላሽ ነው። ውዱ ላይካ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው! የድሮዎቹ ኤም ላይካዎች ሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ጨርቅ ስለሆነ ከፍላሽ ጋር ከ1/50 ሰከንድ በላይ አይፈጥንም፤ በዚህ ፍጥነት ባለ 100 ፊልም (ቁጥሩ ለብርሃን ያለው ትብነት ነው) ይዛችሁ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 16 ብታጠቡትም ብርሃኑ ይተርፋል። በ1972 የወጣው ካኖኔት ጂ3 ግን ሹተሩ ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ እስከ 1/500 በየትኛውም ፍጥነት ከፍላሽ ጋር ይሠራል፣ ዋጋውም ከላይካ በጣም ያነሰ ነው። ብቻ ባለ 400 ፊልም አታስገቡበት። በዚያ ፀሐይ 1/500 እና 16 ላይ ተጣብቃችሁ ትቀራላችሁ።

አደራ የምለው ነገር አለ። ላይካ ወይም የሶቪየቶቹን ዞርኪና ፌድ የያዛችሁ፣ ሌንሱን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ። እንደ ኤስኤልአር (በመስታወት አማካይነት በሌንሱ በኩል እንደሚታይበት ካሜራ) ከሌንሱ ጀርባ መስታወት ስለሌለ ፀሐዩ ጨርቁን አቃጥሎ ይበሳዋል። ክዳኑን ግጠሙ።

ጁገል ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ወደ ኋላ ልሽሽ ብትሉ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ስለዚህ ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል። ላይካ ኤም3 በመመልከቻው የሚያሳየው የ50፣ የ90 እና የ135 ሌንስ ክፈፍ ብቻ ነው፤ ኤም2 ግን የ35ቱን ያሳያል፣ ለሐረር የምመርጠውም እሱን ነው። መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎቹን ሳነሳ ሌንሱን 8 ላይ፣ ርቀቱን 3 ሜትር ላይ አድርጌ እተወዋለሁ። ከ2 እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ፎከስ ፍለጋ ጊዜ አላባክንም።

ማታ ጅብ ሲመገብ ደግሞ ኤም3 ይበልጣል። መመልከቻው ነገሩን በ0.91 መጠን ያሳያል፣ የኤም2 በ0.72፤ ስለዚህ 50ውን ሌንስ ሙሉ ከፍታችሁ በጨለማ ስታነሱ ፎከሱ አይስትም። መስታወት ስለማይንቀጠቀጥ በ1/15 በእጅ ይዞ ማንሳትም ይቻላል፣ ጅቡ ለአፍታ ዝም ካለ።

ዞርኪ 4 ርካሽ ነው፣ ለጀማሪም ይሆናል፤ ፍጥነቱን የምትቀይሩት ግን ፊልሙን ከጠመዘዛችሁ በኋላ ነው፣ ቀድማችሁ ከነካችሁት ይበላሻል።

ከሩቅ ወፍ ወይም በቅርብ የቡና ፍሬ ማንሳት ለሚፈልግ ግን ከእነዚህ አንዱንም አልመክርም። ሬንጅፋይንደር ከ135 ሚሊ ሜትር በላይ አይመችም፣ አብዛኞቹም ከ70 ሳንቲ ሜትር በታች አይቀርቡም። ኤስኤልአር ይግዛ።