ብሎን ከልክ በላይ እንዳይጠብቅ፦ ከቤት ውስጥ የሞተር ሳይክል ጥገና የተያዘ ማስታወሻ

ጥርሱ ተልጦ ወይም አንገቱ ተቆርጦ የሚገኘው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ አይደለም። የሞተሩን ክዳኖች የሚይዘው ኤም 6 (የጥርሱ ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር የሆነ)፣ በ8 ወይም በ10 ቁልፍ የሚፈታው ትንሹ ነው። ብሎኑ ብረት፣ የሚገባበት ቀዳዳ ግን አሉሚኒየም ስለሆነ ቀድሞ የሚሸነፈው ቀዳዳው ነው።

ዋናው ጥፋተኛ የእጀታ ርዝመት ነው። ኤም 6 የሚፈልገው 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ገደማ ነው። ይህን በ10 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ለማግኘት የ10 ኪሎ ያህል ግፊት ያስፈልጋል፤ በ25 ሳንቲ ሜትር እጀታ 4 ኪሎ ይበቃል። 4 ኪሎ ደግሞ ክንድ እንደ ሥራ የማይቆጥረው ነው። ስለዚህ ለትንሽ ብሎን አጭር ቁልፍ፤ ከሌለ ረጅሙን ከአንገቱ ቀርቦ መያዝ።

ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ ሲገዛ የመለኪያው ወሰን ይታይ። እስከ 200 የሚለካ መሣሪያ በ10 ላይ አይታመንም። ለክዳኖች ከ5 እስከ 25 የሚለካ፣ ለጎማ አክስልና ለመሳሰሉት ሌላ ተለቅ ያለ ያስፈልጋል። እጀታውን መያዣው ላይ ይዞ በዝግታ መሳብ፣ አንዴ ቀጭ ሲል ማቆም። ለማረጋገጥ ተብሎ ደጋግሞ ማስጮህ ብሎኑን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ያስኬደዋል። ሥራው ሲያልቅ ወደ ዝቅተኛ ቁጥሩ ይመለስ፤ ለመፍቻ ፈጽሞ አይዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ዘይትን ነው። መመሪያው ዘይት ይቀባ ካላለ ቁጥሩን ለደረቅና ንጹሕ ጥርስ መውሰድ ይሻላል። ከማጥበቂያው ኃይል ብሎኑን የሚወጥረው አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሰበቃ ይበላዋል። ጥርሱን ዘይት ሲነካው ሰበቃው ይቀንስና መሣሪያው ያው 10 እያለ ውጥረቱ ከታሰበው ያልፋል። ታችኛው ጫፉ በተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት የባሰ ነው፤ አይታመቅምና ብሎኑ ሲገፋው የሞተሩን አካል ሊሰነጥቅ ይችላል።

የአንድ ክዳን ብሎኖች ርዝመታቸው ይለያያል። ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሥሎ እያንዳንዱን በቦታው መሰካት ነው። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ክዳኑን ሳይይዝ የቀዳዳውን መጨረሻ ይነካል፤ አጭሩ በረጅሙ ቦታ ከገባ ጥቂት ጥርስ ብቻ ይዞ በትክክለኛው ቁጥርም ቢሆን ይልጠዋል። ሲመለስ መጀመሪያ በጣት ወደ ግራ ይዞር፤ ጥርሱ ቦታውን ሲያገኝ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ሁሉም በእጅ ከገቡ በኋላ በመስቀልያ፣ በሁለት ዙር ይጥበቁ።

የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ሲያንጠባጥብ ይበልጥ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም። የሚያንጠባጥበው አንዴ የተጨፈለቀችው ሮንዴላ ናት፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር እሷም ትቀየር። ካንዴላም እንዲሁ ነው፦ በቀዘቀዘ ሞተር፣ በእጅ እስከሚቆም ይገባል። አዲስ ከሆነ ከዚያ በኋላ ግማሽ ዙር ያህል፣ ሮንዴላው ቀድሞ የተጨፈለቀ ከሆነ ግን ከአንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር ብዙም አያልፍም። የአምራቹ ቁጥር ካለ እሱ ይቅደም።

ይህ ሁሉ አላልቶ መተው ማለት አይደለም። አክስል፣ የፍሬን ካሊፐርና የፍሬን ቱቦ ብሎኖች በግምት አይታሰሩም።

እየጠበቀ የመጣ ብሎን በድንገት ለስለስ ካለ ብረቱ እየተሳበ ወይም ጥርሱ እየተላጠ ነው፤ እዚያው ቆሞ መፍታት። ጥርሱ ላይ የአሉሚኒየም ክር ተጠቅልሎ ከወጣ ቀዳዳው ተበልቷል። መጀመሪያ ጥልቀቱ ይለካ፤ ከሥር ያልተነካ ጥርስ ካለ ትንሽ ረዘም ያለ ብሎን ይበቃል። ከሌለ በሄሊኮይል፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አዲስ ጥርስ በሚሆን የሽቦ ጠምዛዛ፣ ይታደሳል፦ ለኤም 6 በ6.3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀጥ አድርጎ መብሳት፣ ፍርፋሪው እንዳይገባ የመሰርሰሪያውን ጫፍ ግሪስ መቀባት፣ ከስብስቡ ጋር በመጣው ጥርስ ማውጫ አዲስ ጥርስ ማውጣት፣ ጠምዛዛውን ከላይኛው ጠርዝ ግማሽ ጥርስ ያህል ዝቅ አድርጎ ማስገባትና መያዣ ምላሷን ሰብሮ ማውጣት። ምላሷ ሞተሩ ውስጥ እንዳትወድቅ ቀዳዳው የሚያልፍ ከሆነ ከሥሩ ጨርቅ ይደረግ።