ደሴ ላይ ፍሉትና ፒያኖ፦ እንዴት አዘጋጀነው

"ማን ይዘፍናል?"

ደሴ ላይ የፍሉትና የፒያኖ ዝግጅት ልናቀርብ ነው ስል ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ይህንን ነበር። ማንም አይዘፍንም። እስክስታም የለም። ሁለት ሰው፣ ሁለት መሣሪያ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ ሙዚቃ ብቻ። "አብሽር፣ እንመጣለን" ይሉኛል። ፊታቸው ግን ሌላ ይናገራል።

እኔ ፍሉት እነፋለሁ፤ ፒያኖውን የምትጫወተው ጓደኛዬ ናት። ሁለታችንም የደሴ ልጆች ነን፤ ሙዚቃውን የተማርነው አዲስ አበባ ነው። ይህን የምጽፈው ወልድያም ሆነ ከሚሴ እንዲህ ያለ ነገር መሞከር ለሚያስብ ሰው ነው። ስለ ጣት ልምምድ አላወራም። ኖታው ላይ ያለውን ቤትህ ቁጭ ብለህ ትሠራዋለህ። ያስቸገረን ከኖታው ውጭ ያለው ነው፤ ጣራው፣ ብርዱ፣ መብራቱ፣ ሰዓቱ።

የአዳራሹ ጣራ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ከወረደ ፍሉት አለቀለት፤ የታችኞቹ ድምፆቹ በተፈጥሯቸው ስስ ናቸው። ስለዚህ ክረምቱ ተሰረዘ፣ የበልጉ ወራትም ተሰረዙ። ታኅሣሥን መረጥን። ሰኞ ገበያ ስለሆነ አይነሳም፤ ቅዳሜ ይሁን አልን። ሰዓቱን የቆረጡልን የአዳራሹ ጥበቃ ናቸው። "ልጄ፣ የአስር ሶላት ይለቅ፣ መግሪብ ሳይደርስ ጨርሱ። ያኔ ሰውም ይመጣል፣ ጸጥታም ታገኛላችሁ" አሉኝ። 10 ሰዓት ላይ ጀመርን። የነቢያት ጾም ስለነበር ለቡናው ቆሎና ዳቦ አሰናዳን። ወሎ ላይ ሰው ጠርተህ ባዶ አፉን አትሸኝም።

ፒያኖ ፍለጋው ረጅም ታሪክ ነው፤ ላሳጥረው። አንድ ቦታ የቆየ የእንጨት ፒያኖ አገኘን። የተወሰኑ ቁልፎቹ ተጭነው አይመለሱም። ቅኝቱም ወርዷል። ቃኚ ከአዲስ አበባ ማምጣት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ፒያኖ ደግሞ ከቦታ ቦታ ሲጓጓዝ ቅኝቱ እንደገና ይናጋል። ተውነውና ባለ 88 ቁልፍ ዲጂታል ፒያኖ ተዋስን፤ ቁልፉ እንደ እውነተኛው ፒያኖ የሚከብደውን ዓይነት። አንዳንድ ሙያተኛ ወዳጆቻችን አፍንጫቸውን ነፉ። እኔ ግን ከተበላሸ እውነተኛ ፒያኖ የተስተካከለ ዲጂታል እመርጣለሁ።

ዲጂታል ሲባል መብራት ይመጣል፤ ማለትም ይሄዳል። ጄኔሬተር እንከራይ ያለ ሰው ነበር። የጄኔሬተር ጩኸት ባለበት ፍሉት መንፋት ግን ምን ይሉታል? መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ዲጂታል ፒያኖ የሚበላው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፤ ብዙዎቹ ከድሮው የ60 ዋት አምፖል አይበልጡም። አንድ የመኪና ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር አንድ ኢንቨርተር ለዝግጅቱ በቂ ነው። ዋናው ነገር ከመጀመሪያው ባትሪው ላይ መሰካት ነው፤ መብራት ሲሄድ ለመቀየር ብትሮጥ ፒያኖው አንዴ ጠፍቷል። በዝግጅቱ ቀን መብራት መሃል ላይ ሄደ። መስኮቱ ትልቅ፣ ፀሐዩም ገና ስለነበር እኛ ያወቅነው ጨርሰን ሲነግሩን ነው። ድንገት ፒያኖው ከነጭራሹ ዝም ቢል ብዬ የፈረንሳዊውን ደራሲ የደቡሲን ሲሪንክስ አጥንቼ ነበር፤ በ1913 ለፍሉት ብቻ የተጻፈች አጭር ሙዚቃ ናት። ሳልነፋት ቀረች።

ብርዱ የባሰ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ታኅሣሥ ላይ የጦሳ ተራራ ንፋስ ምን እንደሆነ ለደሴ ሰው አይነገርም። ፍሉት ሲቀዘቅዝ ቅኝቱ ይወርዳል፤ በውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ነው። በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 3 ሴንት ገደማ ይሆናል። ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው፣ 100 ሴንት ነው፤ አምስት ዲግሪ ቢወርድ ጆሮ ያለው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ዲጂታሉ ፒያኖ ግን ብርድ አያውቅም፣ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

እንዲህ አደረግን። ብዙ ፍሉቶች የሚሠሩት ለኤ 442 ነው፤ ኤ የሚባለው ድምፅ በሰከንድ 442 ጊዜ እንዲርገበገብ ማለት ነው። ፒያኖውን 440 ላይ አስቀመጥነው። የፍሉቱን ራስ ወደ ውስጥ ብገፋው ቅኝቱ ከፍ ይላል፣ ወደ ውጭ ብስበው ይወርዳል፤ ስለዚህ ብርዱ ሲያወርደው የምገፋበት ቦታ ተረፈልኝ። ከመድረክ በስተጀርባ ፍሉቱን ጋቢ ውስጥ ጠቅልዬ ያዝኩት። ፒያኖው ብቻውን በሚጫወትባቸው ቦታዎች ደግሞ ድምፅ ሳላወጣ ትንፋሼን እነፋበት ነበር። ከሩቅ የማንጎራጉር መስሎ ይታያል አሉ።

ጋቢን ካነሳሁ ሌላም አለ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስንለማመድ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለስ ነበር። ሰው ጋቢና ነጠላ ለብሶ ሲሞላ ያ ሁሉ ማስተጋባት ተዋጠ። አንድ ጓደኛችንን መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀምጠን ፒያኖው ሲበዛ በእጁ ምልክት እንዲሰጠን ተስማምተን ነበር። ለፒያኖው ትንሽ ስፒከር ከኋላዬ አደረግን፤ ለፍሉቱ ማይክ እምቢ አልኩ። ማይክ ከገባ ሰው ማውራት ይጀምራል። ከሌለ ለመስማት ዝም ይላል። ይህ የግል እምነቴ ነው፤ የሚከራከረኝ አይጠፋም።

አሁን ወደ አምባሰል ቅኝት ልምጣ፤ ብዙ ጊዜያችንን የበላችው እሷ ናት። ፕሮግራሙ በባህ ስም በሚታወቀው የኢ ፍላት ሶናታ ዝግ ያለ ክፍል፣ በሲሲሊያኖው፣ ይጀምራል (ባህ ራሱ መጻፉን የሚጠራጠሩ ምሁራን አሉ፤ ውበቱን አይቀንስበትም)። ከዚያ የፎሬ ፋንታዚ፤ በ1898 ለፓሪስ ኮንሰርቫቷር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) የፍሉት ውድድር የተጻፈች፣ ትንፋሽና ጣት የምትፈትን። ከዚያ ከፑላንክ የ1957ቱ ሶናታ ሁለተኛው ክፍል። ከዚያ ትዝታና አምባሰል፣ በራሳችን ቅንብር።

አምባሰልን ከሲ ብንነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ናቸው። ፒያኖ የተማረ እጅ እነዚህን ሲያይ ወዲያው ኤፍ ማይነር ወይም ዲ ፍላት ሜጀር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ያገኝባቸዋል። ደስ ይላል። ልምምዳችንን እንዲሰሙልን የጠራናቸው አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ለጓደኛዬ "የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን አምባሰል ቤቷን ስታለች" አሏት።

እውነታቸውን ነው። የኤፍ ማይነር ኮርድ ከሥር ሲገባ ጆሮ ማረፊያው ኤፍ ይመስለዋል። የቅኝቱ ማረፊያ ደግሞ ሲ ነው። ያው ድምፆች ናቸው፣ ግን ሌላ ሙዚቃ ሆኑ። ጓደኛዬ ኮርዶቹን አወጣቻቸው። ግራ እጇ ሲንና ጂን ብቻ ይዞ ቀረ፤ ቀኝ እጇ እኔ ትንፋሽ ስወስድ አጭር መልስ ይሰጠኛል። ድምፁን ሳብ ሳደርግና ሳንቀጠቅጥ ፒያኖው ፈጽሞ ዝም ይላል፤ ፍሉት ድምፅን ማጠፍ ይችላል፣ ፒያኖ አይችልም፣ አብረው ከሆኑ ይጋጫሉ። ቅኝቶቻችን በፒያኖ አይሆኑም ማለቴ አይደለም። ግርማ ይፍራሸዋ አምባሰልን ለፒያኖ ሠርቶታል። የፒያኖ ተጫዋቿና ደራሲዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ዓመታት የመነኑት እዚሁ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ባለችው ግሸን ማርያም ነው። ፒያኖ ለወሎ ባዕድ ነው የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ እሳቸውን እጠቅሳለሁ።

ብዙ ሰው "አምባሰልን መጨረሻ አድርጉት፣ ሰው እንዳይወጣ" ብሎ መክሮን ነበር። አልተቀበልነውም። የአገሩን ሙዚቃ እንደ ከረሜላ ይዞ ሰውን እስከ መጨረሻው ማስቀመጥ አድማጭን መናቅ ይመስለኛል። ትዝታና አምባሰል አራተኛ ሆኑ፤ የዘጋነው በዶኒዜቲ ሶናታ ነው። የወጣ ሰው አላየሁም። ማብራሪያም አላበዛንም፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር በቃ። በየመሃሉ ጭብጨባ ነበር፤ አምባሰል ላይ እልልታም። አላስቆምንም። በሞዛርት ዘመንም ሰው ሙዚቃው ሳያልቅ ያጨበጭብ ነበር።

ቡናው ላይ የአዳራሹ ጥበቃ መጡና ፍሉቱን በእጃቸው መዘኑት። ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ ዋሽንት ይነፉ ነበር። "አራት ቀዳዳ ይበቃን ነበር። ይኼን ሁሉ ብረት ማን ጫነበት?" አሉ። ቴዎባልድ ቦም የሚባል ጀርመናዊ በ1847 መሆኑን ነገርኳቸው። የዋሽንት ተጫዋች ቅኝት ሲለውጥ ሌላ ዋሽንት ያነሳል፤ ይኸኛው ሁሉንም በአንዱ ልሥራ ብሎ ነው አልኳቸው። "እንግዲያ ሰነፍ ነበር" ብለው ሳቁ።

ቀጣዩ ኮምቦልቻ ነው። ከዚህ ቁልቁል ወርዶ ስለሆነ ይሞቃል፤ እዚያ ፍሉቱ ቅኝቱ ከፍ ስለሚል ራሱን ወደ ውጭ መሳብ ነው። ባትሪውና ኢንቨርተሩ ይሄዳሉ። ከፑላንክ ሦስቱንም ክፍል እንጫወታለን። የማሲንቆ ተጫዋቹም ለአምባሰሏ አብረውን ሊወርዱ ተስማምተዋል፤ የእሳቸውን አበልና የፒያኖውን መጫኛ ገንዘብ ገና እየፈለግን ነው።